በአንድ ስሎት ሁለት ዘመን፦ የኢሳ ማገናኛና የአሮጌ ካርዶች ጥያቄ፣ ከ1981 እስከ 1992

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1988 ዘጠኝ የኮምፒውተር አምራች ኩባንያዎች ኒውዮርክ ላይ ባንድነት ቀርበው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የገበያው መሪ አድርገው ሲከተሉት ከኖሩት ከአይቢኤም መንገዳቸውን መለየታቸውን አስታወቁ። የመለያየቱ ሰበብ ጉዳዩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ኢምንት ነገር ነው፤ በማዘርቦርድ ላይ ተበይዶ ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩበት አንድ የማገናኛ ዓይነት። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነበር፦ አዲስና ፈጣን ካርድ የሚቀበል ስሎት፣ ደንበኞች ከ1981 ጀምሮ ገንዘባቸውን ያፈሰሱባቸውን አሮጌ ካርዶችም እንዲቀበል አድርጎ መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አይቢኤም ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አሮጌዎቹን ካርዶች የማይቀበል ማሽን አውጥቶ መልሱን በተግባር ሰጥቷል፤ ዘጠኙ ግን ይቻላል ባዮች ሆኑ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ክርክር ታሪክ እስካሁን በሁለት ወገን ሲነገር ኖሯል። አንዱ ወገን የአይቢኤምን ውሳኔ የምህንድስና ግዴታ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌላው ከእጅ የወጣን ገበያ መልሶ ለመጨበጥ የተወጠነ የንግድ ስልት ነበር ይላል። ሁለተኛው ትረካ፣ የኮምፓክ መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሮድ ካኒዮን በ2013 ትዝታቸውን በመጽሐፍ ካወጡ ወዲህ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ይሁንና መጽሐፉ ነገሩ ከተፈጸመ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ያውም በአሸናፊው ወገን እጅ የተጻፈ በመሆኑ፣ ለዝርዝር ጉዳይ ብቸኛ ምስክር አድርገን ልንቆጥረው አይገባም። የዘመኑ የንግድ ጋዜጦችም ቢሆኑ የኩባንያዎችን መግለጫ ተቀብለው ማስተላለፍ ያበዙ ስለነበር በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀዳሚ ክብደት የምንሰጠው ለቴክኒክ መመሪያዎቹ፣ ለፒን ሰንጠረዦቹና ዛሬም በእጅ ሊዳሰሱ ለሚችሉት ማገናኛዎች ነው። የሰዎቹን ቃል የምንመዝነው በእነዚህ ነው።

ነገሩ የሚነሣው ከፍሎሪዳ፣ ከቦካ ራቶን ነው። በዚያ ዶን ኤስትሪጅ የመራው አነስተኛ የአይቢኤም ቡድን የሠራውና ኦገስት 12 ቀን 1981 ይፋ የሆነው የግል ኮምፒውተር አምስት ስሎቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ስሎት 62 ንክኪዎችን ይይዛል፤ 31ዱ በካርዱ አንድ ገጽ፣ 31ዱ በሌላው ገጽ፣ አንዱ ከጎረቤቱ በ2.54 ሚሊ ሜትር ርቆ። ከነዚህ 8ቱ የዳታ፣ 20ዎቹ የአድራሻ መስመሮች ናቸው፤ በ20 የአድራሻ መስመር ሊደረስበት የሚችለው ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ነው። የቀሩት ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለጊዜ ምት፣ ለዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩን ሳያልፍ ከሜሞሪ ጋር ለሚደረግ ዝውውር)፣ እንዲሁም ካርዱ የፕሮሰሰሩን ትኩረት ለሚጠይቅባቸው የኢንተራፕት መስመሮች የተመደቡ ነበሩ። ሰንጠረዡን ከኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር እግሮች ጎን አድርጎ ያነበበ ሰው፣ ስሎቱ በአመዛኙ በ4.77 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የዚያ ቺፕ መስመሮች በረዳት ቺፖች በኩል ወደ ውጭ ተዘርግተው የተገኘ መሆኑን ለማየት አይቸገርም። ቺፑ ሲለወጥ ስሎቱም መለወጥ የሚኖርበት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ካርዶቹ ግን ከቺፑ ይልቅ ዕድሜያቸው ረዘመ።

አይቢኤም የማዘርቦርዱን ሙሉ ሥዕልና የባዮሱን ኮድ ዝርዝር የያዘ የቴክኒክ መመሪያ አሳትሞ ለፈለገ ሁሉ ሸጠ። ይህ ልግስና ለካርድ አምራቾች በር የከፈተ መሆኑን ሁሉም ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ያነሰ ትኩረት ያገኘው ጉዳይ መመሪያው የትኛው ሽቦ የት እንደሚደርስ በግልጽ ሲያሳይ፣ እያንዳንዱ ምልክት ከሌላው ስንት ናኖሰከንድ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መድረስ እንዳለበት ግን በተሟላ ደንብ መልክ አለማስቀመጡ ነው። የካርድ ሠሪዎች ጊዜውን የተማሩት ከሥዕሉና ከማሽኑ ጠባይ ነበር። ኋላ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ፒ996 በሚል ቁጥር ይህን ያልተጻፈ ሕግ በወረቀት ለማስፈር ቢሞክርም ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀርቷል። እንግዲህ በኋላ "ከአሮጌ ካርዶች ጋር እንስማማለን" ያለ ሁሉ የገባው ቃል ወሰኑ በየትም ያልተጻፈ ቃል ነበር።

የዚህን ሕግ ተለዋዋጭነት ለማየት ቢ8 የተባለችውን አንዲት ንክኪ መከተል ይበቃል። በ1981ዱ ማሽን ለወደፊት ተብላ ባዶዋን የተቀመጠች ነበረች። በማርች 1983 ስምንት ስሎት ይዞ በወጣው ተከታዩ የአይቢኤም ማሽን፣ በኤክስቲ፣ በስምንተኛው ስሎት የተሰካ ካርድ መመረጡን የሚያሳውቅባት መስመር ሆነች። ኤክስቲን በተከተለው በ1984ቱ ኤቲ ደግሞ ካርዱ ተጨማሪ የመጠባበቂያ ጊዜ እንደማያስፈልገው የሚናገርባት ሆና ተገኘች። በሦስት ዓመት ሦስት ሥራ! ቢ4ም የራሷ ታሪክ አላት፤ በመጀመሪያው ማሽን የኢንተራፕት 2 መስመር የነበረችው ይህች ንክኪ፣ ኤቲ ላይ ሁለተኛ የኢንተራፕት ተቆጣጣሪ ቺፕ ሲጨመር 2 ቁጥር ለሁለቱ ቺፖች መገናኛ በመወሰዱ ወደ ኢንተራፕት 9 ተዛወረች፤ የቆየው ሶፍትዌር እንዳይደናገር ባዮሱ ከ9 የመጣውን ጥሪ ወደ 2 ይመልሰው ነበር። የማገናኛው ቅርጽ ሳይነካ ትርጉሙ ሲቀየር፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው ሶፍትዌር መሆኑን ይህች ትንሽ ምሳሌ ታሳያለች።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና የመጣው ኦገስት 1984 ነው። አዲሱ ኤቲ በኢንቴል 80286 የሚሠራ፣ 16 ቢት ዳታና 24 የአድራሻ መስመር ያለው፣ ስለዚህም እስከ 16 ሜጋባይት ሜሞሪ የሚደርስ ማሽን ነበር፤ 62 ንክኪ ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። የቦካ ራቶን መሐንዲሶች የመረጡት መፍትሔ አሮጌውን ማገናኛ ባለበት ትቶ፣ በመስመሩ ቀጥሎ 36 ንክኪ ያለው ሁለተኛ አጭር ማገናኛ መጨመር ነው። አሮጌው ካርድ በፊተኛው ብቻ ይቀመጣል፤ አዲሱ ሁለቱንም ይይዛል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሆኖም የኤቲን ማዘርቦርድ ያየ ሰው ከስምንቱ ስሎቶች ሁለቱ ያለ ጭማሪው ማገናኛ፣ በ62 ንክኪ ብቻ መቅረታቸውን ያስተውላል። ምክንያቱ የቁጠባ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ከወጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ከማገናኛው ወዲያ ያለው ጠርዛቸው ወደ ማዘርቦርዱ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ነበርና፣ ጭማሪው ማገናኛ ባለበት ቦታ ሊገቡ አይችሉም ነበር። በቀድሞው ንድፍ ያንን ቦታ የከለከለ ማንም ስላልነበረ ሠሪዎቹ ተጠቅመውበታል። ወደኋላ መስማማት የሚፈልግ መሐንዲስ የቀድሞው ደንብ የፈቀደውን ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ያለፈውንም ማክበር እንዳለበት የምናውቀው በእነዚያ ሁለት አጫጭር ስሎቶች ነው።

ከቅርጽ ችግሩ ይልቅ የከበደው የማይታየው ነበር። ማዘርቦርዱ ከፊቱ ያለው ካርድ 8 ቢት ይሁን 16 ቢት የሚያውቀው፣ ካርዱ ራሱ በጭማሪው ማገናኛ በኩል "16 ነኝ" የሚል ምልክት ሲያወጣ ነው፤ ምልክቱ ካልመጣ ማዘርቦርዱ አንዱን ንባብ ለሁለት ከፍሎ በስምንት ስምንት ቢት ያስኬደዋል። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ አሮጌው ካርድ ምንም ሳይናገር፣ በዝምታው ብቻ ማንነቱ ይታወቃል። ችግሩ ምልክቱ በጊዜ እንዲደርስ ካርዱ ሙሉው አድራሻ ከመረጋጋቱ በፊት መወሰን ያለበት መሆኑ ነው። ለዚህም ከአድራሻው የላይኞቹ ሰባት መስመሮች፣ ከ17 እስከ 23፣ ቀደም ብለው በአዲሱ ማገናኛ ላይ እንዲወጡ ተደረገ። (ከነዚህ ሦስቱ በአሮጌው ማገናኛም ላይ ዘግይተው ይገኛሉ፤ በሰንጠረዡ ላይ ድግግሞሽ የሚመስለው ይህ ነው።) በሰባቱ መስመሮች ብቻ የሚለየው የሜሞሪ ስፋት ግን 128 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ በአንድ የ128 ኪሎባይት ክልል ውስጥ አንድ ባለ 16 ቢት የቪዲዮ ካርድና አንድ ባለ 8 ቢት ካርድ አብረው ቢገኙ፣ አዲሱ ካርድ ለክልሉ በሙሉ "16" ብሎ ይመልሳል፤ አሮጌው ካርድ በማያውቀው ወርድ ይነበባል፤ የሚገኘውም ዳታ የተበላሸ ነው። ሁለቱም ካርዶች ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱን ከካርዶቹ በአንዱ ማግኘት የማይቻል በመሆኑ፣ ብዙ ጠጋኞች ካርድ እየለዋወጡ መልሱን ሲያጡ መኖራቸው አያስገርምም።

ከ1984 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ሥልጣኑ ከአይቢኤም እጅ ቀስ በቀስ ወጣ። ተፎካካሪዎች ስሎቱን ጨምሮ ማሽኑን በሙሉ እየቀዱ ከኤቲው 6 እና 8 ሜጋኸርዝ በላይ ሲያስኬዱት፣ በ8 የሚሠሩ ካርዶች በ10 እና በ12 ላይ መሳት ጀመሩ። ለዚህ መልስ ሆኖ የጸናው አሠራር ፕሮሰሰሩን ከስሎቱ ሰዓት መነጠል ነው። ኮምፓክ ሴፕቴምበር 1986 ከአይቢኤም ቀድሞ ባወጣው ዴስክፕሮ 386፣ ባለ 32 ቢቱ ፕሮሰሰር በ16 ሜጋኸርዝ ሲሮጥና ሜሞሪውም በራሱ መንገድ ሲሄድ፣ ስሎቶቹ በቆየው የ8 ሜጋኸርዝ ልማዳቸው ቀጠሉ። በእኛ ግምት የ1988ቱ መለያየት ቴክኒካዊ መሠረት የተጣለው እዚህ ላይ ነው፤ ስሎቱ የፕሮሰሰሩ ጥላ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ውል ሆነ፤ ውሉን ለማሻሻልም የአይቢኤም ፈቃድ የማያስፈልግ መሰለ።

ኤፕሪል 2 ቀን 1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 የተባለውን የማሽኖች ቤተሰብ አወጣ፤ ከነዚህም የበላዮቹ ማይክሮ ቻነል የተባለ ፍጹም አዲስ ባስ (ካርዶችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ የመስመሮች ሥርዓት) ይዘው ነበር። ንክኪዎቹ በግማሽ ተጠጋግተው 1.27 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ የካርዱ ቁመትና ርዝመት ተለወጠ፤ አሮጌ ካርድ በኃይል ቢገፋም አይገባም። አይቢኤም ያቀረባቸውን የምህንድስና ምክንያቶች ሳንመረምር ወደ ጎን መተው ፍትሐዊ አይሆንም። የኤቲን የፒን ሰንጠረዥ ብንቆጥር ከ98 ንክኪዎች የግራውንድ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ ቢ1፣ ቢ10፣ ቢ31 እና ዲ18። ብዙ መስመሮች በአንድ ቅጽበት ሲለዋወጡ የሚመለሰው ጅረት በእነዚህ አራት ጠባብ በሮች ይጨናነቃል፤ ከዚህም የተነሣ የእርስ በርስ ጣልቃ መግባትና የሬዲዮ ሞገድ መርጨት ይከተላል። ማይክሮ ቻነል በየአራት ንክኪው ግራውንድ ወይም የኃይል መስመር ያስቀመጠው ስለዚህ ነው። በቀድሞው ስሎት አንድን የኢንተራፕት መስመር ሁለት ካርዶች መጋራት አይችሉም ነበር፤ ምልክቱ በቮልቴጅ ለውጥ ጠርዝ የሚታወቅና ካርዱ በኃይል የሚነዳው በመሆኑ ሁለቱ ይጋጩበታል። ማይክሮ ቻነል መስመሩን በደረጃ የሚታወቅና የጋራ አደረገው። በካርዱ ላይ በእጅ የሚሰካ ጃምፐር መቀያየርም ቀርቶ እያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር ተሰጠው፤ ቅንብሩ ከማሽኑ ጋር በሚመጣ ፍሎፒ ዲስክ የሚፈጸም ሆነ። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ሕመሞችና እውነተኛ ፈውሶች ነበሩ።

ሆኖም ሦስት ነገሮች የምህንድስና ግዴታ የሚለውን ትረካ ያዳክሙታል። አንደኛ፣ በዚያው ቀን ከወጡት የፒኤስ/2 ማሽኖች ሞዴል 30 የቆየውን ባለ 8 ቢት ስሎት ይዞ ቀርቧል፤ አሮጌው ስሎት ለሽያጭ የማይበቃ ሆኖ አልተቆጠረም። ሁለተኛ፣ አይቢኤም ማይክሮ ቻነልን ለሚቀዱ አምራቾች ያቀረበው ፈቃድ ከሽያጩ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ከመጠየቁም በላይ፣ ቀድሞ ለሸጧቸው የኤቲ ዓይነት ማሽኖችም ወደኋላ ተመልሶ ሒሳብ የሚያስከፍል ነበር። ሦስተኛ፣ ዘጠኙ ኩባንያዎች መግለጫቸውን በሰጡበት በሴፕቴምበር 1988 አይቢኤም ራሱ ሞዴል 30 286ን ከኤቲው ባስ ጋር ለገበያ አቀረበ። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው የአይቢኤም መሐንዲሶች ስለ ሕመሙ የተናገሩት እውነት ሆኖ ሳለ፣ አሮጌ ካርዶችን ፈጽሞ መተው የሕመሙ ብቸኛ መድኃኒት እንደነበር ግን አያስረዱም። የተፎካካሪዎቹም እጅ ቢሆን የጠራ አልነበረም። ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ታንዲ፣ በዚያው ዓመት በኤፕሪል የማይክሮ ቻነል ማሽን ሠርቶ ማሳየቱን የዘመኑ ዜናዎች መዝግበዋል። ስለ ደንበኞች ጥቅም የተነገረው ሁሉ ከዚህ ሁለት ቦታ የመቆም ጥንቃቄ ጋር አብሮ መነበብ ይኖርበታል።

ዘጠኙ ኤኤስቲ ሪሰርች፣ ኮምፓክ፣ ኤፕሰን፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ኤንኢሲ፣ ኦሊቬቲ፣ ታንዲ፣ ዋይስና ዜኒት ዳታ ሲስተምስ ነበሩ። ያቀረቡትን ባለ 32 ቢት ባስ ኢሳ አሉት፤ የቆየውን የኤቲ ባስም አይሳ የሚል ከአይቢኤም የንግድ ምልክት ነጻ የሆነ ስም ሰጡት። የሥራቸው እምብርት ግን ማገናኛው ነው፤ ይህን በቅርብ ማየት ይገባናል።

የኢሳ ስሎት ከውጭ ሲታይ ርዝመቱም ወርዱም የኤቲው ስሎት ነው። ልዩነቱ ጥልቀቱ ነው። ከላይኛው የንክኪ ረድፍ በታች፣ በጉድጓዱ ውስጥ፣ ሌላ ረድፍ አለ። በስሎቱ ርዝመት አምስት ቦታ ላይ ጉድጓዱን አቋርጠው የሚያልፉ የፕላስቲክ ማገጃዎች ተተክለዋል። አሮጌ ካርድ ሲሰካ የታችኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ በማገጃዎቹ ላይ ያርፋል፤ በዚያ ከፍታ ወርቅ የተቀቡት ጣቶቹ የላይኛውን ረድፍ ብቻ ይነካሉ፤ ከሥሩ ሌላ ረድፍ መኖሩን አያውቅም። የኢሳ ካርድ ግን በማገጃዎቹ አንጻር ጠርዙ ላይ ክፍተቶች ስለተቆረጡለት ማገጃዎቹን አልፎ እስከ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል፤ የታችኞቹ ጣቶቹ ከታችኛው ረድፍ፣ ከፍ ብለው የተቀመጡት ደግሞ ከላይኛው ረድፍ ጋር ይገናኛሉ። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ፎቅ፣ በር ጠባቂው ደግሞ የካርዱ የራሱ ጠርዝ። ካርዱን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ የሚጠይቅ ቺፕም ሶፍትዌርም በዚህ ደረጃ አያስፈልግም። የ1984ቱ ንድፍ ወደ ጎን የወሰደውን ቦታ ይህ ወደ ታች ወስዶታል፤ ተንጠልጣይ ጠርዝ ያላቸው ካርዶች ያስከተሉትን ዓይነት አዲስ ግጭትም በዚህ አመለጠ።

ስለ ንክኪዎቹ ቁጥር ምንጮች አይስማሙም። አንዳንዶቹ በጠቅላላው 188 ይላሉ፤ ሌሎች ወደ 200 ያስጠጉታል። የፒን ሰንጠረዡን ስንቆጥር የላይኛው ረድፍ የታወቁትን 98 ይይዛል፤ የታችኛው በአንድ በኩል በ31 እና በ31፣ በሌላው በ19 እና በ19 የተቆጠሩ 100 ቦታዎች አሉት። ከነዚህ 10ሩ ግን የማገጃዎቹ ቦታ ናቸው፤ አምስት በአንድ ገጽ፣ አምስት በሌላው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው አዲስ ንክኪዎች 90፣ ጠቅላላው 188 መሆኑን እንቀበላለን፤ የበለጠ የቆጠሩት ፕላስቲኩንም እንደ ንክኪ ቆጥረውት ይመስላል። ከ90ዎቹ ምልክት የሚያስተላልፉት 55 ሲሆኑ፣ ከቀሩት ብዙዎቹ ግራውንድ ናቸው። ይህ ቁጥር ለክርክራችን ዋጋ አለው፤ ዘጠኙ በአደባባይ የአይቢኤምን ምክንያት ሲያጣጥሉ፣ መሐንዲሶቻቸው ግን አራት ግራውንድ እንደማይበቃ ተስማምተው እንደነበር ያሳያልና።

ማገናኛው ብቻውን በቂ አልነበረም፤ አድራሻም ያስፈልጋል። የ1981ዱ ካርዶች የግብዓትና ውጤት አድራሻቸውን ሲለዩ ከ16ቱ የአድራሻ ቢቶች የታችኞቹን 10 ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ካርድ በየ1,024 አድራሻው ራሱን እየደገመ ይታያል፤ አዲስ ካርድ ነጻ መስሎት የሚይዘው ቦታ የአሮጌው ጥላ ሆኖ ይገኛል። የኢሳ ነዳፊዎች መውጫ ያገኙት በዚሁ ጉድለት ውስጥ ነው። ከመጀመሪያው አንሥቶ የታችኞቹ 256 አድራሻዎች ለማዘርቦርዱ ብቻ የተከለሉ ስለነበሩ ምንም ዓይነት አሮጌ ካርድ በዚያ አልሰፈረም፤ እንግዲያው የእነርሱ ድግግሞሽ የሚያርፍባቸው የላይ አድራሻዎችም ሁሉ ባዶ ናቸው። በነዚህ ባዶ ክልሎች እያንዳንዱ ስሎት የራሱ አድራሻ ተሰጠው፤ የካርዱ መለያም በስሎቱ ቁጥር በሚጀምረው አድራሻ፣ በሲ80 ላይ እንዲነበብ ተደረገ። የቀድሞዎቹ ካርዶች አርቆ አለማየት ለአዲሶቹ የተጠበቀ መሬት ሆኖ ተገኘ። ከማገናኛው ይልቅ ይህን እናደንቃለን፤ በትዝታ መጻሕፍት ግን ብዙም አይወሳም።

እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ አይቢኤም የሚያዘነብልበት ነጥብ አለ። ኢሳ ለራሱ ካርዶች የጋራ ኢንተራፕትን ፈቅዷል፤ በ8.33 ሜጋኸርዝ በሰከንድ 33 ሜጋባይት ድረስ ማስተላለፍ ችሏል፤ ቅንብሩንም በሶፍትዌር ፈጽሟል። አሮጌው ካርድ በላይኛው ፎቅ ሲቀመጥ ግን አሮጌ ጠባዮቹን ሁሉ ይዞ ነው። ኢንተራፕቱን ከማንም ጋር አይጋራም፤ ሰዓቱን አያፈጥንም፤ የ128 ኪሎባይቱ ጣጣም አብሮት አለ። የኢሳ የቅንብር ፕሮግራም ለአዲሱ ካርድ ሁሉንም ራሱ ሲያስተካክል፣ ለአሮጌው ግን የሚያደርገው ጃምፐሩ የት መቀመጥ እንዳለበት በስክሪን ላይ ማሳየት ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ሽፋኑን ከፍቶ በእጁ ይቀይራል። ስለዚህ ይቻላል የሚለው መልስ ለማገናኛው ሙሉ በሙሉ፣ ለሥርዓቱ ግን በከፊል ነው የተረጋገጠው።

ማሽኖቹ የደረሱት በ1989 መጨረሻ ነው፤ የኮምፓክ ሲስተምፕሮ በኖቬምበር 1989 ወጣ። ኢሳ መኖሪያውን ያገኘው በሰርቨሮች ውስጥ ነበር፤ ባለ ሁለት ፎቁ ማገናኛና የቁጥጥር ቺፖቹ ዋጋ ለቢሮ ጠረጴዛ ማሽን የሚከብድ ሆኖ፣ አብዛኛው ሸማች በተራው አይሳ ቀጠለ። አይሳን መተው ካላስፈለገ ኢሳን መግዛትም አላስፈለገም፤ አዲሱን ማገናኛ የጎዳው ያው የተሟገተለት ወደኋላ መስማማት መሆኑን ከጸሐፊዎቹ ጥቂቶች ብቻ ናቸው ያስተዋሉት።

ፈጣን ግራፊክስ ሲፈለግ የ1992ቱ የቬሳ ሎካል ባስ ወደ ኤቲው ዘዴ ተመልሶ ከአይሳው ስሎት ጀርባ ሦስተኛ ማገናኛ ቀጠለ፤ ማገናኛውም ከማይክሮ ቻነሉ ዓይነት የተወሰደ ነበር። ካርዱ ረጅምና ለመሰካት አስቸጋሪ፣ ንድፉም ከ486 ፕሮሰሰር ጋር እጅግ የተጣበቀ ስለነበር ዕድሜው አጠረ። በዚያው ዓመት በጁን የወጣው የኢንቴል ፒሲአይ ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ያዘ። አሮጌ ካርድ በፒሲአይ ስሎት ፈጽሞ አይገባም። በምትኩ አይሳና ፒሲአይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የፒሲአይ ካርድ ቺፖቹ ከአይሳ ካርድ በተቃራኒ ገጽ ስለሚያርፉ፣ ሁለት ጎረቤት ስሎቶች በማሽኑ ጀርባ አንድ መስኮት ሊጋሩና ባለቤቱ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሊሰካ ይችላል። የኢሳ ዓይነት ማገጃና ክፍተት በፒሲአይም አለ፤ የሚለየው ግን አሮጌን ከአዲስ ሳይሆን የ5 ቮልት ካርድን ከ3.3 ቮልት ስሎት ነው። አይሳ በዚህ ጉርብትና ለዓመታት ከኖረ በኋላ፣ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፒሲ 99 በተሰኘው የንድፍ መመሪያቸው ከአዳዲስ ማሽኖች እንዲወጣ ወሰኑ።

አይቢኤምም በ1992 ባወጣው ፒኤስ/ቫልዩፖይንት ወደ አይሳ ስሎት ተመልሷል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሸጠው ፒሲ ሰርቨር 320 ደግሞ ከፒሲአይ ጎን የኢሳ ስሎቶችን ይዞ ይገኛል።